አሮጌውን ኮምፒውተር ከመጣላችሁ በፊት

በብዙ ቤት ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ኮምፒውተር አለ። ወይ ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞት የመጣ ነው፣ ወይ የመጀመሪያው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በዕቁብ ብር የተገዛ ነው። አሁን ሲከፈት ቡናው ፈልቶ አቦሉ ተጠጥቶ ያልቃል፣ እሱ ገና ክቧን እያዞረ ነው። ልጆች «ይሄ ነገር ሞቷል፣ አዲስ ይገዛ» ይላሉ። አባት ዋጋ ጠይቆ ሲመለስ ዝም ይላል።

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። የተማርኩት ነርሲንግ ነው፤ የሥራ ዘመኔንም ያሳለፍኩት በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን ከልጅ ልጆቼ ጋር የምሠራው ነገር ስፈልግ ካቻቪቴ አነሳሁ፤ እስካሁን የራሴን ጨምሮ ስድስት የዘመድ አዝማድ ኮምፒውተር ከፍቼ ዘግቻለሁ። «ሞቷል» ከተባሉት ውስጥ በእርግጥ የሞተው አንዱ ብቻ ነበር። የቀሩት አንድ ወይም ሁለት የደከመ ዕቃ ነበራቸው፤ እሱን መቀየር ደግሞ ከአዲሱ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው። ገንዘብ የሚባክነው የደከመው የቱ እንደሆነ ሳይታወቅ ወጪ ሲጀመር ነው።

የእህቴ ልጅ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናውን በኮምፒውተር የሚወስዱ ተማሪዎች ስላሉ፣ ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ እጁን እንዲያለማምድ ፈልገዋል። ቤት ያለው ዴስክቶፕ አሥር ዓመት ገደማ የሆነው ነው፤ ለመከፈት ከአምስት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ባሏ የወጣለትን ዕቁብ ለላፕቶፕ ሊያውለው ተነሳ። ያ ብር ክረምት ሳይገባ ለሚያፈሰው ጣራ የታሰበ ነበር። «እስኪ መጀመሪያ እኔ ልየው» አልኩና ሄድኩ።

በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ታሪኩ ይጠየቃል። ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። የሚዘገየው ሲከፈት ነው ወይስ ብዙ ነገር ሲከፈትበት? ይግላል? በራሱ ይጠፋል? ድምፅ አለው? መቼ ጀመረው? መልሱን በወረቀት ጻፉት፤ ጠጋኝ ጋ ብትሄዱ እንኳ «እንቢ አለኝ» ከማለት በጣም ይሻላል።

ታሪኩ ከተጠየቀ በኋላ ሙቀት እንደምንለካው የምትለካ ነገር አለች። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር የሚባል መስኮት ይከፈታል። እዚያ ላይ ሲፒዩ፣ ሜሞሪና ዲስክ በመቶኛ ተጽፈዋል። ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ምንም ሳትሠሩበት ዲስክ የሚለው 100 ላይ ተሰክቶ ከቀረ፣ የደከመው ሃርድ ዲስኩ ነው። ሁለት ሦስት ነገር ስትከፍቱ ሜሞሪ የሚለው 90 ካለፈ፣ ያነሰው ራሙ ነው። በእህቴ ልጅ ቤት ሁለቱም ነበሩ፦ ዲስኩ 100፣ ራሙ ደግሞ 4 ጊጋባይት ብቻ።

ሃርድ ዲስክ ማለት እኛ ትልልቆቹ የምናውቀው የሸክላ ማጫወቻ ማለት ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድ አለው፤ በላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400፣ በዴስክቶፕ 7,200 ጊዜ ይዞራል። እያንዳንዷን ፋይል ለማግኘት ክንዱ ሄዶ፣ ሳህኑ ዞሮ መገናኘት አለባቸው። በሱ ቦታ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚባለው የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ እንደ ፍላሽ ሁሉ ነገሩ በቺፕ ላይ ነው። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ በዚያው ገመድ የሚሰካው ኤስኤስዲ ወደ 500 ይጠጋል። ትልቁ ልዩነት ግን ትንንሽ ፋይሎችን ፈልጎ በማግኘት ላይ ነው። ዊንዶውስ ሲከፈት የሚሠራው ደግሞ ይህንኑ ነው። ለአሮጌ ኮምፒውተር አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብትሉኝ ኤስኤስዲ ግዙ እላለሁ፣ ያለምንም ማመንታት። ለቤት ሥራ 240 ወይም 256 ጊጋባይቱ ይበቃል።

ስትገዙ ሁለት ዓይነት እንዳለ እወቁ። አንደኛው የሲጋራ ፓኮ የሚያህል ጠፍጣፋ ሆኖ በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ገመድ የሚሰካ ነው። ሌላው እንደ ማስቲካ ረዘም ያለች ቀጭን ናት፤ አሮጌ ማሽኖች ብዙዎቹ የሷ መሰኪያ የላቸውም። ሁለተኛዋን ገዝቶ መልሱልኝ እያለ የሚከራከር ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ራምን ለእህቴ ልጅ ያስረዳኋት በሙያዬ ነው። ራም ማለት ነርስ ከአልጋ ወደ አልጋ የምትገፋው ትሮሊ ነው፤ ዲስኩ ደግሞ የመድኃኒት መጋዘኑ ነው። ትሮሊዋ ትንሽ ከሆነች፣ ለእያንዳንዱ ፋሻና መርፌ መጋዘን ድረስ መመላለስ ነው። ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ሲያድግ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ከ8 ወደ 16 ማሳደግ ግን ደብዳቤ ለሚጽፍ፣ ኢንተርኔት ለሚያይ፣ ቪዲዮ ለሚከፍት ቤት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሻጩ ምንም ቢላችሁ።

ራም እንደ ደም ነው፣ ዓይነቱ ካልገጠመ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዲዲአር3 እና በ2014 የወጣው ዲዲአር4 መልካቸው ይመሳሰላል፤ የጥርሳቸው ክፍተት ግን ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም። የላፕቶፑ አጭር ነው፣ የዴስክቶፑ ረጅም። በላዩ የተጻፈውን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ከተቻለም አሮጌውን ራሱን በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የተጫነው ዊንዶውስ 32 ቢት የሚባለው ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ራም ቢጨመርለትም አይጠቀምበትም። መጀመሪያ እሱ ወደ 64 ቢት መቀየር አለበት።

የእህቴ ልጅ ዴስክቶፕ ኤስኤስዲና ባለ 4 ጊጋባይት ተጨማሪ ራም ገባለት። ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተከፈተ። የወጣው ገንዘብ ለላፕቶፑ ከተጠየቁት ስድስት እጅ አንዱን አይሞላም፤ ጣራውም ተሠራ። ዋጋውን በብር ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ በየጊዜው እየተቀያየረ ስለሆነ፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ጋዜጣው እጃችሁ ሲገባ ሊያሳስታችሁ ይችላል። መገናኛም ሄዳችሁ መርካቶ፣ ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቁ። ከሌላው ሁሉ በጣም የረከሰውን ተጠራጠሩት፤ 1 ቴራባይት የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ውስጡ ሩቡንም የማይዝ ፍላሽና ዲስክ በገበያ ውስጥ አለ። ደረሰኝና የዋስትና ጊዜ ጠይቁ።

ምንም ገንዘብ የማያስፈልገው ሕክምና ደግሞ ጽዳት ነው። የሚግል፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ የሚጮህ፣ ትንሽ ሠርቶ በራሱ የሚጠፋ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ አቧራ ያፈነው ነው። ማሽኑ ሲፒዩው እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል እንጂ አልተበላሸም። የአንድ ዘመዳችንን ሲስተም ዩኒት ስከፍት ፋኑ ላይ የተጋገረው አቧራ እንደ ጥጥ ተላጦ ነው የወጣው። መሬት ላይ፣ ምንጣፍ ዳር ነበር የሚቀመጠው፤ ቡና የሚፈላውም አጠገቡ ነው። የዕጣኑና የከሰሉ ጭስ ከአቧራው ጋር ተለጥፎ ይደርቃል። ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ አድርጉት፤ ጀርባውን ከግድግዳ አርቁት። ያንን ዳንቴል ደግሞ፣ እናቶቼ ይቅር በሉኝ፣ ኮምፒውተሩ በሚሠራበት ጊዜ አውልቁለት።

ስታጸዱ ሶኬቱን ነቅላችሁ የመክፈቻ ቁልፉን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። እጃችሁን የብረት አካሉን አስነኩ። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ወይም ብሎወር ተጠቀሙ፣ እርጥብ ጨርቅ ግን አይግባ። በብሎወር ስትነፉ ፋኑን በጣት ወይም በእንጨት ያዙት፤ በነፋሱ ኃይል ከልክ በላይ ከዞረ ይጎዳል። የኃይል ሳጥኑን፣ ማለትም የመብራት ገመዱ የሚሰካበትን ክፍል፣ ፈትታችሁ ውስጡን አትንኩ። ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ላፕቶፕ መክፈት ለማያውቅ ሰው አልመክርም፤ ጠጋኝ ያጽዳው፣ እግረ መንገዱንም ሲፒዩው ላይ የሚቀባው ቅባት ደርቆ ከሆነ ይቀይርላችሁ።

አንዳንዱ ሕመም ደግሞ አስፈሪ መስሎ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል፣ ኢንተርኔት ስትከፍቱም «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» ይላችኋል። ቫይረስ ነው ብለው ገንዘብ የተቀበሉ አሉ። ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ያለች፣ ሲአር2032 የምትባል የ3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃ ነው። ሰዓት ከሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ትገኛለች። ስክሪኑ ጨልሞ ጢጥ ጢጥ የሚል ዴስክቶፕም ራሙ ተነቅሎ፣ ወርቃማ ጥርሱ በላጲስ ቀስ ብሎ ተጠርጎ መልሶ ሲሰካ የሚነሳበት ጊዜ አለ።

ከዲስኩ በኩል ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ግን ድንገተኛ ሕመም ነው። ወዲያው አጥፉት። ደጋግማችሁ ለመክፈት አትሞክሩ፤ በእያንዳንዱ ሙከራ የቀረው ይጎዳል። መጀመሪያ የሚድነው በውስጡ ያለው ፎቶና ጽሑፍ ነው፣ ማሽኑ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

ስለ «ፎርማት» መናገር ያለብኝም እዚህ ላይ ነው። በየጥገና ሱቁ ለሁሉም ችግር የሚሰጠው መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። ይህ ሳል ለያዘው ሁሉ አሞክሳሲሊን እንደማዘዝ ነው። አንዳንዴ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዲስኩ ደክሞ ከሆነ ለሁለት ሳምንት አሽሎት ተመልሶ እዚያው ነው። አንዲት ጎረቤቴ ኮምፒውተሯ አልከፈት ሲላት ሰጥታ መጣች። በማግስቱ «ተሠርቷል» ተብላ ወሰደችው። ማሽኑ ይሠራል፤ የሟች ባለቤቷ ፎቶዎች ግን የሉም። ከልጆቹ ጋር በመጨረሻው ጥምቀት የተነሱት ሁሉ ጠፍቷል። ማንም አልጠየቃትም። የተሰረዘ ፋይል አንዳንዴ ይመለሳል፤ በላዩ ላይ ሌላ ነገር ከተጻፈበት ግን ተስፋው በጣም ይጠባል፤ በሷ ዲስክ ላይ ደግሞ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖበት ነበር። እስከ ዛሬ ስለ ኮምፒውተር ሲነሳ ርዕስ ትቀይራለች።

ስለዚህ ዕቃችሁን ስትሰጡ «ከኔ ፈቃድ ውጭ ፎርማት እንዳይደረግ» በሉ፤ በተቀባዩ ወረቀት ላይም ይጻፍ። የሚቻል ከሆነ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አሠሩ። ስንት ጊጋባይት ራም፣ ስንት ጊጋባይት ዲስክ እንዳለው መዝግባችሁ ስጡ፤ ሲመለስ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ። የተቀየረ አሮጌ ዕቃ ሁሉ ይመለስላችሁ፣ በተለይ ሃርድ ዲስኩ። የቤተሰባችሁ ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የልጃገረዶች ምስል እሱ ላይ ነው። ሥራውን ጨርሶ የሚሰጣችሁ ትጉህ ጠጋኝ ብዙ አለ፤ ይህን ስትጠይቁትም አይቆጣም።

አሁን ወደ መብራት ልምጣ። ኮምፒውተርን የሚጎዳው የመብራት መጥፋት ብቻ አይደለም፣ አመጣጡም ነው። የኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ይባላል እንጂ ጠፍቶ ሲመለስ ከፍ ዝቅ የሚልበት ጊዜ አለ። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመጣም ለፍሪጅ እንደምናደርገው ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ተራው ዲቫይደር መከፋፈያ እንጂ መከላከያ አይደለም፤ ምጣድና ካውያ ከኮምፒውተር ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት የለባቸውም። ለዴስክቶፕ ዩፒኤስ ጥሩ ነው፣ ሥራችሁን አስቀምጣችሁ በሥርዓት ለማጥፋት የሚሆን ደቂቃ ይሰጣል። ፊልም ለመጨረስ አይደለም። ባትሪው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ሲደክም ባትሪው ብቻ ሊቀየር ስለሚችል ሙሉውን አትጣሉ።

ከአሜሪካ ልጅ ወይም ወንድም ዴስክቶፕ ልኮላችሁ ከሆነ ደግሞ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን እዩት። በአንዳንድ አሮጌ ማሽን የኃይል ሳጥን ላይ 115 ወይም 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ። 115 ላይ እንዳለ እዚህ ከተሰካ ጧ ብሎ ይቃጠላል። የላፕቶፕ አዳፕተር ላይ 100–240 የሚል ከተጻፈ ስጋት የለም። አዳፕተር ስትተኩ ቮልቱ ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን እንጂ አይነስ። የላፕቶፕ ባትሪ ካበጠ፣ ኪቦርዱን ወደ ላይ መግፋት ከጀመረ፣ ቻርጅ ማድረግ አቁሙና አስወጡት። አትውጉት፣ አትጫኑት። እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ በዚህ ቀልድ የለም።

ኤስኤስዲ ካስገባችሁ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ምን ይጫንበት የሚለው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒውተሩ በዚያ ቀን አይሞትም፣ ይሠራል፤ የደኅንነት ማሻሻያ ሲቀርበት ግን ክትባቱ እንዳለፈበት ልጅ ይሆናል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ማሽን አይቀበልም፤ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች የሆኑት በአመዛኙ ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው፤ እነዚያ እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት የተሠሩ ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሊነክስ ሚንት የሚባል ነፃ ሥርዓት አለ። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ በደህና ይሠራል፤ አማርኛ ይጻፍበታል፣ ኢንተርኔትና ቪዲዮ ይከፍታል፣ የዎርድ ጽሑፍም ያነባል፣ ምንም እንኳ የገጹ አቀማመጥ አንዳንዴ ቢዛባ። የኔ ላፕቶፕ ላይ ያለው እሱ ነው። በፓወር ግዕዝ ሥራ የሚሠራ ሰው ግን እዚያው ዊንዶውስ ላይ ቢቆይ ይሻለዋል። ዊንዶውስን «ለመክፈት» ተብለው በፍላሽ የሚዞሩትን ፕሮግራሞች ከቤታችሁ አርቁ፤ ከነሱ ጋር ቫይረስ ተሸሽጎ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው። ፍላሽ ራሱም ከማተሚያ ቤትና ከኢንተርኔት ካፌ ሲመለስ ፋይሉን ደብቆ በቦታው አቋራጭ የሚያስቀምጥ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። እንደ መርፌ ቁጠሩት፤ ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ሳትመረምሩ አትሰኩ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው መከላከያ በርቶ ከታደሰ ለቤት ይበቃል።

ሁሉም ይድናል ማለቴ አይደለም። ማዘርቦርዱ ከተቃጠለ፣ ወይም ስክሪኑም ባትሪውም አዳፕተሩም አንድ ላይ ከሄዱ ሒሳቡን ሥሩ። የጥገናው ወጪ ደህና ያገለገለ ኮምፒውተር ከሚገዛበት ግማሹን ካለፈ እኔ አቆማለሁ። ያኔም ቢሆን ራሙ፣ ዲስኩና ኪቦርዱ ለሌላ ዘመድ ማሽን ይተርፋሉ።

ኤስኤስዲ ሲገባ የወጣው አሮጌ ሃርድ ዲስክ፣ ቀጭ ቀጭ የማይል ጤነኛ ከሆነ፣ ለፍጥነት ቢያንስም ለማስቀመጫ ይሆናል። በዩኤስቢ የሚሰካ ርካሽ ማቀፊያ ይገዛለታል። የእህቴን ልጅ ቤተሰብ ፎቶ ሁሉ፣ ከስልኮቹም ጭምር፣ ገለበጥንበት። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የትምህርት ማስረጃ ስካን ሁሉ አለበት። አንድ ቅጂ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ዲስኩ ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልሎ እኔ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ሌባም ገባ እሳት ተነሳ፣ ሁለቱ ቤት በአንድ ቀን አይጠፋም። በየሦስት ወሩ ልጁ መጥቶ አዲሱን ይጨምርበታል፤ ምሳውንም እኔ ጋ ይበላል።